ምንም አይሰማኝም፤ ታዲያ ለምን እመረመራለሁ?

ጥያቄ

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 46 ነው፤ ሥራዬ የቢሮ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ። ከሦስት ወር በፊት መሥሪያ ቤታችን የጤና ባለሙያዎች መጥተው ሁላችንንም ሲለኩ የእኔ የደም ግፊት 152 በ96 ሆነ። «ጤና ተቋም ሄደው ደግመው ይለኩ» ብለው ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ወረቀቱ ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ እኔ ግን አልሄድኩም። ምንም አይሰማኝም። ራሴን አያመኝም፣ አያዞረኝም፣ ሦስተኛ ፎቅ በደረጃ ስወጣ እንኳ ብዙም አይደክመኝም። ባለቤቴ ግን ጠዋት ማታ «ሂድ» እያለች ትጨቀጭቀኛለች፤ አባቴ በ58 ዓመቱ በስትሮክ ስለሞተ ነው። በሌላ በኩል አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲጋራ እያጨሰ 88 ዓመት ኖሯል። ሲጋራ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ጓደኛዬ ደግሞ በ50 ዓመቱ ልቡን አሞት በአንድ ሌሊት ሄደ። እኔም በቀን አምስት ወይ ስድስት አጨሳለሁ፤ ያን ያህል አይደለም። ሞት ላይቀር ማንቋረር ለምን? እውነቱን ለመናገር የምፈራው ሌላ ነው፤ ሄጄ «አለብህ» ካሉኝ ከዚያች ቀን ጀምሮ የምኖረው የበሽተኛ ኑሮ ይሆናል። ተሳስቻለሁ? ባለቤቴንስ ምን ልበላት?

መልስ

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘው ያ ብጣሽ ወረቀት ነው። ሦስት ወር ሙሉ ይዘውት ይዞራሉ። ነገሩ ከምር ባያሳስብዎ ኖሮ ያን ዕለት ጥለውት ነበር። ስለዚህ የምጽፈው መሄድ ፈልጎ እግሩ ለተያዘበት ሰው ነው ብዬ ልጀምር።

«ምንም አይሰማኝም» ያሉትን አምናለሁ። ግን ይህ ቃል ስለ ደም ግፊትዎ ምንም አይነግረንም። ጥርስ ሲታመም ይጮኻል፣ እግር ሲወለም ያነክሳል፤ የደም ሥር ግን ግፊት ሲበዛበት የሚጮኽበት አፍ የለውም። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል። በእያንዳንዱ ምት ደሙ ከሚገባው በላይ እየገፋ ሲወጣ የደም ሥሩ ግድግዳ ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ መለጠጥ ያቅተዋል። ልብም ያን ጫና ለማሸነፍ ሲታገል በግራ በኩል ያለው ጡንቻው ይደነድናል። በኩላሊት፣ በዓይንና በአንጎል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ደግሞ ጉዳቱ ቀድሞ ይደርስባቸዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ሥራ ይውላል፣ ይስቃል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ሌሊትም እንቅልፉን ይተኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ስሌት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 የሆነና ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች 1.28 ቢሊዮን ነበሩ፤ ከእነዚህ 46 በመቶ ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ቢጠየቁ ብዙዎቹ እንደ እርስዎ «ምንም አይሰማኝም» የሚሉ ናቸው። እርስዎ ከእነሱ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፤ ወረቀት አለዎት።

ወረቀቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የገባኝ የፍራንክሊን ሩዝቬልትን የሕክምና ታሪክ ሳነብ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት እ.ኤ.አ. በማርች 1944 በአንድ ወጣት የልብ ሐኪም ሲመረመሩ ግፊታቸው 186 በ108 ሆኖ ተገኘ። ጦርነቱን እየመሩ ስለነበር ዕረፍት ብዙም አልነበራቸውም፤ ከዚያም በላይ በዘመኑ ግፊትን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያወርድ መድኃኒት አልነበረም። ጨው ቀንሱ፣ ሲጋራ ቀንሱ፣ ዕረፉ ከማለት ያለፈ ብዙም የሚደረግ ነገር ጠፋ። ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ራሳቸውን ክፉኛ አሟቸው ወደቁ፤ ሐኪሙ ሲለካቸው የላይኛው ግፊት፣ ማለትም ከሁለቱ ቁጥሮች የመጀመሪያው፣ ከ300 አልፎ ነበር። በዚያው ቀን በ63 ዓመታቸው አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሞቱ። በዓለም ላይ እጅግ ኃያል የሚባለው ሰው ቁጥሩ ታውቆለት ነበር፤ የሚያደርገው ግን አልነበረውም። ዛሬ እርስዎም ሆኑ ማንኛውም ተራ ሰው በቁጥሩ ብዙ ማድረግ ይችላል። ቁጥሩ ሳይነበብ ቦርሳ ውስጥ መክረሙ የሚያሳዝነኝም ለዚህ ነው።

ሩዝቬልት ከሞቱ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ባለችው ፍሬሚንግሃም በምትባል ከተማ 5,209 ሴቶችና ወንዶች በየሁለት ዓመቱ እየተመረመሩ ክትትል ይደረግላቸው ጀመር። ያኔ ግፊት በዕድሜ መጨመሩ የተፈጥሮ ነው፣ አይነካም የሚሉ ሐኪሞች ብዙ ነበሩ። የፍሬሚንግሃም ሰዎች መዝገብ ያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ልባቸውን የሚያማቸውና በስትሮክ የሚወድቁት ሰዎች ከመውደቃቸው ከዓመታት በፊት ግፊታቸው፣ ኮሌስትሮላቸው ወይም ሲጋራቸው ይናገር ነበር። ድንገት መጣ የሚባለው ሕመም መንገድ ላይ የቆየ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ አጎትዎ ልምጣ። ይህን መከራከሪያ ብዙ ሰው ያነሳዋል፤ ውሸትም አይደለም። 88 ዓመት የኖረ አጫሽ አለ፤ በ50 የሞተ የማያጨስም አለ። ግን ከአጎትዎ ጋር አብረው ማጨስ የጀመሩት ጓደኞቻቸው የት ናቸው? በልጅነትዎ ቤት የሚመጡትን፣ አብረዋቸው የሚቀመጡትን አንድ በአንድ ያስታውሱ። ለምስክርነት የሚጠራው የቀረው ሰው ነው፤ የሄዱት ቀርበው አይመሰክሩም።

የሄዱትን የቆጠረ ጥናት ግን አለ። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1951 ከ34,000 በላይ የእንግሊዝ ወንድ ሐኪሞችን የማጨስ ልማድ መዘገቡ፤ ክትትሉ 50 ዓመት ቀጠለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲታተም፣ ሳያቋርጡ ያጨሱት ከማያጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው ይሞቱ ነበር። ከዚህ ጥናት ለእርስዎ የማመጣው ቁጥር ግን ሌላ ነው። በ40 ዓመታቸው ያቆሙት ከዚያ 10 ዓመት ውስጥ 9 ያህሉን መልሰው አገኙ፤ በ50 ያቆሙት 6 ያህሉን። እርስዎ 46 ነዎት፤ በሁለቱ መካከል። ዛሬ ቢያቆሙ የሚመለስልዎ ዕድሜ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ቢያቆሙ ከሚመለስልዎ ይበልጣል።

«አምስት ስድስት፣ ያን ያህል አይደለም» ያሉትን ደግሞ ሳልነካው አላልፍም፤ ብዙ ሰው የሚሸነገለው እዚህ ላይ ነው። ለሳንባ ካንሰር ሲሆን የሲጋራው ብዛት ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ለልብና ለደም ሥር ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው የሚሸከመው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ፣ በቀን 20 የሚያጨሰው ከሚሸከመው ግማሽ ገደማ ይደርሳል። ከ20 ወደ 5 መቀነስ ደም ሥርን አያሳርፈውም ማለት ነው፤ የሚያሳርፈው ማቆም ነው። ካቆሙ አንድ ዓመት ሲሞላዎ በልብ ሕመም የመያዝ አደጋው ከአጫሽ ሰው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሙከራ አይሳካለትም፤ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው የሚያቆም አለ። ሐኪሙ ጋ ሲሄዱ ስለ ሲጋራው አይደብቁ፤ የኒኮቲን ማስቲካና ለቆዳ የሚለጠፈውን ጨምሮ የሚያግዙ መድኃኒቶች አሉ።

ስለ ጓደኛዎ በጣም አዝናለሁ። ሞቱ ጥንቃቄ ከንቱ ነው ለማለት ምክንያት ሆኖብዎታል። ግን ጓደኛዎ ሲጋራ አለማጨሱን ነው የምናውቀው፤ ግፊቱ፣ ኮሌስትሮሉ ወይም ስኳሩ ስንት እንደነበር፣ ተለክቶ ያውቅ እንደሆነ እርስዎም አልጻፉልኝም። ሁሉን አሟልቶ የተጠነቀቀ ሰውም ሊሞት ይችላል። ጥንቃቄ አደጋውን ይቀንሳል፤ ማንም ሐኪም አጠፋልዎታለሁ ሊልዎ አይገባም። የመኪና ቀበቶ የታሰረለት ሰውም ይሞታል፤ ልጅዎን ሲያሳፍሩ ግን ቀበቶውን ያስሩለታል።

የአባትዎ ሞት ለእርስዎ ከማንም ቁጥር በላይ ቅርብ ነው። በ58 ዓመት በስትሮክ የሞተ አባት ያለው ሰው ከሌላው ሰው ቀድሞ መለካት አለበት። የአባት ደም ውርስ አለው፤ ከደሙ ጋር ደግሞ የምንወርሰው ሌላ ነገር አለ፤ የአንድ ማዕድ ጨው፣ የአንድ ቤት ሲጋራ ጭስ፣ «እኔን ምን ይሆነኛል» የሚል የቤተሰብ ልማድ። ደሙን መቀየር አይቻልም። የቀረውን ግን እርስዎ ይቀይሩታል።

ይህን ዓምድ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ለዓመታት የሠራሁት ስትሮክ ያገኛቸው ሰዎች ዳግም መንቀሳቀስ በሚለማመዱበት ክፍል ነው። ከዚያ ዘመን የማይረሳኝ አንድ ጠዋት አለ። በእርስዎ ዕድሜ አካባቢ ያለ ሰው ነው፤ ቀኝ እጁ ሰንፏል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል። አውራ ጣቱና ጠቋሚው ቁልፏን ይይዟታል፣ ቀዳዳውን ሊያገኙ ሲሉ ታመልጣለች። እንደገና። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ እጇን ልትዘረጋ ትልና ትመልሳለች፤ ልምምዱ ስለሆነ እንዳታግዘው ተነግሯታል። የላይኛዋን ቁልፍ ጨርሶ ቀና ሲል ሸሚዙ ተዛንፎ ነበር፤ አንድ ቀዳዳ ዘሎ። ተመለከተውና ሁሉንም ፈትቶ ከታች ጀመረ። ይህ ሰው ግፊት እንዳለበት ከተነገረው አራት ዓመት አልፎታል። አያመኝም ብሎ ነበር የተወው።

ይህን የነገርኩዎ ላስፈራራዎ አይደለም፤ ፍርሃትማ አለብዎ፣ ይኸው ሦስት ወር አስሮ ያስቀመጠዎት እሱ ነው። የነገርኩዎ «የበሽተኛ ኑሮ» ያሉት ነገር የቱ እንደሆነ አብረን እንድናየው ነው። ግፊቱ ታውቆ ጠዋት አንድ ክኒን ውጦ ሥራው የሚሄድ ሰው የበሽተኛ ኑሮ አይኖርም። ከሥራ ባልደረቦችዎ መካከል ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ እርስዎ አያውቋቸውም፤ ምክንያቱም ከሌላው ሰው የሚለዩበት ነገር አይታይም። የላይኛው ግፊት በ10 ነጥብ ብቻ ሲወርድ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋዎች በአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳሉ፤ በስትሮክ ላይ ደግሞ ቅነሳው ከዚህም ይበልጣል።

ደግሞም ግፊት አለብዎ ብሎ የፈረደብዎ ሰው ገና የለም። መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በሰልፍ፣ ባልደረባ ከኋላ እያወራ፣ ምናልባት ሲጋራ አጭሰው ከገቡ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የተለካ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ነው። ከፍተኛ ደም ግፊት ነው ለማለት ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ሲለኩ እንዲህ ያድርጉ። ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ አያጭሱ፣ አይሩጡ። ሽንትዎን ሸንተው ይግቡ። የጀርባ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ሁለቱን እግሮች መሬት አስረግጠው፣ ሳያነባብሩ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ የሚጠመጠመው ጨርቅ በልብ ትክክል ይዋል፣ በሸሚዝ እጅጌ ላይም አይጠምጠም። ሲለካ አያውሩ፣ ባለሙያው ቢያወራዎትም ትንሽ ይታገሡ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይደገም። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ይመስላሉ፤ እግር ማነባበርና ማውራት ብቻ ቁጥሩን በብዙ ነጥብ ከፍ ያደርጉታል። ቤት ውስጥ የክንድ መለኪያ ካገኙ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ እየለኩ በማስታወሻ ይጻፉ፤ ቤት ውስጥ አማካዩ 135 በ85 ከደረሰ ለሐኪም የሚነገር ነው። አንዳንድ ሰው ሐኪም ፊት ብቻ ነው ግፊቱ የሚጨምረው፤ አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ሐኪም ፊት ደህና ሆኖ ቤቱ ሲገባ ይጨምርበታል። ማስታወሻዎ ይህን ይለየዋል።

ይህን ሁሉ ስል አንድ የማይዘገይ ነገር አለ። ቁጥሩ 180 በ120 ደርሶ ደረት ከወጋዎ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ዓይንዎ ከተጋረደ ቀጠሮ አይጠብቁ። ፊት በአንድ በኩል ከተንጋደደ፣ አንድ ክንድ አልነሳ ካለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ደግሞ ቁጥሩን መለካትም ሳያስፈልግ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። የደም ሥር ተዘግቶ የሚመጣን ስትሮክ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ የሚከፍት ሕክምና አለ፤ «ትንሽ ልተኛና ይሻለኝ ይሆናል» ተብሎ የሚያልፈው ሰዓት አይመለስም። ይህን ለባለቤትዎም ይንገሩ።

ሐኪሙ ጋ ሲቀርቡ የሚጠብቅዎ ብዙ አይደለም። ግፊት ይለካሉ፣ ደምና ሽንት ይሰጣሉ፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ይታያል፣ ኩላሊት ይፈተሻል፣ ልብዎ በኤሌክትሪክ መቅጃ ይነበባል። ስኳሩን ጠይቀው ይስሙ። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ደህና ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ተደግሞ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው። በመካከል ያለው ቦታ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደስተኝ ቦታ ነው፤ ሰው ገና ሊመለስ የሚችልበት ስለሆነ። በአሜሪካ 3,234 ሰዎችን ይዞ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ ጥናት ነበር። ሁሉም በዚህ መካከለኛ ቦታ ላይ የነበሩ ናቸው። ከክብደታቸው 7 በመቶ ያህል እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት፣ ወደ ስኳር በሽታ የመሻገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን ክኒን የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ። እግር ከክኒን በለጠ።

እርስዎ ሦስተኛ ፎቅ በደረጃ መውጣትዎን የጤንነት ማስረጃ አድርገው ጽፈውልኛል። እኔ ደግሞ መድኃኒቱ ነው እልዎታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ሐኪም የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች አጥንተው አሳተሙ። ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰዓት ይሠራሉ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ትኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በልብ ሕመም የሚጠቁት በብዛት ሾፌሮቹ ሆኑ። ስለዚህ ደረጃውን አይተዉ፤ በዚያ ላይ ግን በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይጨምሩበት። ፈጠን ያለ ማለት ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የማያስችል ነው። በአንድ ቀን ማድረግ የለብዎትም፤ ምሳ ሰዓት ላይ 20 ደቂቃ፣ ስልክ ሲያወሩ ቆመው፣ እያንዳንዷ ትቆጠራለች።

ጨው ላይ አጭር ልሁን። ለአንድ ሰው በቀን የሚመከረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፤ የዓለም ሕዝብ በአማካይ የሚበላው ደግሞ የዚህን እጥፍ ያህል። አብዛኛውን ጊዜ ተደብቆ የሚገባው በታሸገና በፋብሪካ በተዘጋጀ ምግብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨው ያንሱት፤ ምላስዎ ሳምንታት ውስጥ ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ የበፊቱ ምግብ ራሱ ይመርዎታል። አትክልትና ፍራፍሬ ያብዙ። አልኮል የሚጠጡ ከሆነ መቀነሱ ግፊቱን ያወርደዋል። ክብደት ካለብዎ አንድ ኪሎ ሲቀንስ ግፊቱ በአንድ ነጥብ ገደማ ይወርዳል።

አንድ ነገር ደግሞ ባለቤትዎን ይጠይቁልኝ፤ እንቅልፍ ላይ ያንኮራፋሉ? አንኮራፍተው፣ ትንፋሽዎ ቆሞ፣ እንደገና ሳግ እንደያዘው ሰው ይነሳሉ? እንዲህ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት። እንቅልፍ ላይ የሚቆራረጥ ትንፋሽ ግፊትን ከፍ የሚያደርግ የታወቀ ምክንያት ነው፤ ተኝቶ የሚያድር ሰው ደግሞ ስለ ራሱ ሊመሰክር አይችልም።

እነዚህን ሁሉ ሰኞ ጠዋት በአንዴ ይጀምሩ አልልዎትም። ሁሉን በአንድ ቀን የጀመረ ሰው ሁሉን በአንድ ሳምንት ሲተው አይቻለሁ። ከሁሉም መርጬ አንድ ብቻ ያድርጉ ብባል ሲጋራውን እመርጣለሁ። ያቃተዎት ቀን እርምጃውን ይያዙ፤ እርምጃ የሲጋራ አምሮትን ለጊዜው ያስታግሳል። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘልዎ ደግሞ እርምጃውም ጨው መቀነሱም መድኃኒቱን አይተካም፤ አብረው ይሄዳሉ። ግፊቴ ወረደ ብለው ክኒኑን በራስዎ አያቁሙ፤ የወረደው በክኒኑ ስለሆነ ተመልሶ ይወጣል። የጎረቤትን መድኃኒት መዋስም አይሆንም፤ የእሱ ኩላሊት የእርስዎ ኩላሊት አይደለም።

ብዙ ሰው «ከሄድኩ አይቀር ሁሉንም መርምሩኝ» ይላል። እኔ ይህን አልደግፍም። ያለ ምክንያት የሚደረግ ጥቅል ምርመራን የተመለከቱ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲገመገሙ፣ ሞትን እንደሚቀንስ አልታየም። ትርጉም የሌላት ትንሽ ጠባሳ በምስል ላይ ትታይና ሰው ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ሲንከራተት ይከርማል። መከላከል ማለት ለዕድሜዎ፣ ለጾታዎና ለቤተሰብ ታሪክዎ ጥቅሙ የተረጋገጠውን ምርመራ መርጦ ማድረግ ነው። ለእርስዎ ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ናቸው። በ46 ዓመትዎ ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ምርመራም ይጠይቁ፤ በአንዳንድ አገሮች ከ45፣ በሌሎች ከ50 ዓመት ጀምሮ ይመከራል። በአንጀት ግድግዳ ላይ የምትበቅል ትንሽ እባጭ ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙውን ጊዜ ዓመታት ይፈጅባታል፤ በዚያ መካከል ከተገኘች ካንሰር ሳትሆን ትቆረጣለች።

ለባለቤትዎ ምን እንደሚሏት ጠይቀውኛል። «ፈርቼ ነው» ይበሏት። እስከ ዛሬ የነገሯት ምንም እንደማይሰማዎት ነው፤ እሷም ያንን ቃል ስትሰማ የምትሟገተው ከግትር ሰው ጋር እየመሰላት ነው። የአማቷን ሞት በቅርብ አይታ ሊሆን ይችላል፤ ያየችውን እርስዎ ላይ እንዳታይ ነው ጠዋት ማታ «ሂድ» የምትለው። መፍራትዎን ብታውቅ መጨቅጨቋን ትታ አብሬህ ልሂድ የምትል ይመስለኛል።

እናም አብራችሁ ስትሄዱ አንድ ነገር አይርሱ። በደብዳቤዎ ውስጥ አባትዎ፣ አጎትዎ፣ ጓደኛዎና እርስዎ አላችሁ፤ እሷ መቼ እንደተመረመረች የሚል መስመር ግን የለም። የማኅፀን በር ካንሰር ኤችፒቪ በሚባል ቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሃራልድ ዙር ሃውሰን ይህን በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ካንሰሩ ከመፈጠሩ በፊት ለዓመታት የሚታይ ምልክት በማኅፀን በር ላይ ይተዋል፤ እንደ ግፊትዎ እሱም ምንም ሳይሰማ። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ በ35 ዓመትና እንደገና በ45 ዓመት እንዲታይ ይመክራል። ሴት ልጅ ካለቻችሁ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ የሚሰጥ ክትባትም አለው። ጡትን በተመለከተ እንደ ዕድሜዋና እንደ ቤተሰቧ ታሪክ ሐኪሙ ይነግራታል።

ቀጠሮውን ለሁለት ሰው ያስይዙ። ያን ብጣሽ ወረቀት ደግሞ ይዘውት ይግቡ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ስንት እንደነበረና መቼ እንደተለኩ ይጠይቅዎታል።